ጳጉሜን የት ገባች?

በድረ ገጽ ላይ የልደት ቀን ስንሞላ ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ይደረደርልናል። «ኮምፒውተር የፈረንጅ ነው» ብለን እናልፋለን። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ የግዕዝን ፊደል ያስገባው በፈረንጆቹ 1999 በወጣው 3.0 ዕትሙ ሲሆን፣ የገቡት ምልክቶች 345 ነበሩ። ፊደል ብቻውን ግን አይበቃም። ቀን፣ ገንዘብና ቁጥር በየአገሩ እንዴት እንደሚጻፍ የሚመዘግበው ሲኤልዲአር የተባለ የጋራ ቋት ከ2003 ጀምሮ ይታተማል። ብራውዘራችን «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ» ሲባል የሚከተለው ይህንኑ ነው።

በዚያ ቋት ውስጥ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜኗ አለ። ነገር ግን ለታይላንድ የቡድሃው፣ ለኢራን የፋርሱ አቆጣጠር ሲቀድም፣ ለኢትዮጵያ የተቀደመው የግሪጎርያኑ ነው። የራሳችን ሁለተኛ ነው፤ ባለሙያው ለይቶ ካልጠራው አይመጣም።

ጣጣው ቀላል አይደለም። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው የተወለደው። ቅጹ ላይ 1/1/2000 ብሎ ቢሞላ ግን ሲስተሙ ጃንዋሪ 1 ብሎ ይይዘዋል፤ ልጁ በአንዴ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ያረጃል። ነገ ሰነዶቹ ሲጋጩ የሚንከራተተው እሱ ነው።

ግሪጎርያኑ ይጥፋ የሚል የለም፤ ለበረራም ለውጭ ንግድም ያስፈልጋል። ቀኑ በአንድ ወጥ ስሌት ይቀመጥ፤ ቅጹ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጠይቅ ይናገር፤ ምርጫው ለተጠቃሚው ይተው። ስሌቱ ተሠርቶ ተቀምጧል። አገር ውስጥ ሲስተም የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ግን ይህንን በውላቸው ውስጥ ካልጠየቁ ማን ይጠይቅላቸው?