ቆርጦ መለየት፦ የትንሽ ቶርኖ አስቸጋሪው ሥራ

ከቶርኖ ሥራዎች መካከል ጀማሪውን የሚያስፈራው የመጨረሻው ነው። ብረቱ ተልጧል፣ ቀዳዳው ተበስቷል፣ ልኩ በካሊፐር ታይቷል፤ የቀረው ያለቀለትን ቁራጭ ከዘንጉ ማላቀቅ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ይህን ሥራ «ፓርቲንግ ኦፍ» ይሉታል። እዚህ «ቆርጦ መለየት» ብለነዋል፤ የሚሠራበትን ቀጭን ቢላም «መለያ ምላጭ»። «መቁረጥ» ብቻውን አይበቃም፤ ብረት በሴጌቶም ይቆረጣል፣ በግራይንደርም ይቆረጣል። ቆርጦ ሲለዩ ግን የሚዞረው ብረቱ ራሱ ነው። ምላጩ ሳይዞር ከብረቱ ቆዳ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ መሐል ይገባል፤ መሐሉ ላይ ሲደርስ ቁራጩ ይወድቃል። የተቆረጠው ፊትም ለስላሳና ለዘንጉ ቀጥ ያለ ሆኖ ይወጣል፤ በሴጌቶ የተቆረጠ እንዲህ አይሆንም።

የብረት ሥራ ቃሎቻችን ብዙዎቹ የጣሊያን ናቸው፤ ቶርኖ፣ ሴጌቶ፣ ኩሽኔታ፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ። እነዚህን መለወጥ አያስፈልግም፤ ባለሙያው ይግባባባቸዋል። ቆርጦ መለየት ግን በአማርኛ ሊነገር የሚችል ድርጊት ስለሆነ በአማርኛ ቢነገር ይሻላል።

ሥራው የትልቅ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ በዚያ የተቋቋመው ጥገና ቤት ለሎኮሞቲቮቹ የሚያስፈልገውን መለዋወጫ በራሱ ማሽኖች ሲያወጣ ኖሯል። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ በሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ በምናለሽ ተራ ደግሞ አሮጌ ብረት እንደገና ዕቃ ይሆናል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አልፎ ሐርጌሳ የሚደርስ ሰውም የመለዋወጫን ችግር ያውቀዋል። መንገዱ በቀኝ የሚነዳበት ከተማ ሆኖ ሳለ መኪናው በአብዛኛው መሪው በቀኝ የሆነ ያገለገለ የጃፓን ዕቃ ነው። በዚያው ከተማ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ቶርኖ ያስቀመጠ ሰው ልኩ ገበያ ላይ የጠፋ ቡሽ (አጭር የብረት ቱቦ) ወይም ወፍራም ሮንዴላ ከዘንግ ላይ ሊያወጣ ይችላል። ዘንጉን መላጥና መብሳት ይለምዳል፤ ቆርጦ መለየት ላይ ሲደርስ ግን ማሽኑ ይንጫጫበታል።

የሚንጫጫው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ምላጩን ይወቅሳል፤ እኔ ግን አብዛኛው ጥፋት ከምላጩ ኋላ ያለ ይመስለኛል። ፋብሪካ ውስጥ የሚቆመው ቶርኖ ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ቻይና ሠራሽ ግን 40 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ምላጩ ብረቱን ሲነካ ግፊቱ ወደ መያዣው፣ ከመያዣው ወደ ተንሸራታቾቹ፣ ከተንሸራታቾቹ ወደ ማሽኑ አልጋ ይወርዳል። ከእነዚህ አንዱ ላይ ትንሽ ልልነት ካለ እዚያው ላይ ይንቀሳቀሳል።

ተራ ልጠት ይህን ልልነት ይታገሣል፤ ቢላው አንድ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ፍቅፋቂው ወደ ፈለገበት ይወጣል። ቆርጦ ሲለዩ ግን ምላጩ በራሱ ቦይ ውስጥ ነው፤ ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው። ፍቅፋቂው በገባበት ካልወጣ ቦዩን ይደፍነዋል። ከዚህ የባሰው ንክሻው ነው። የሚዞረው ብረት ምላጩን ወደ ታች ይጫነዋል፤ መያዣው ልል ከሆነ የምላጩ ጫፍ ወደ ታች ሲያጎነብስ ወደ ብረቱም ይጠጋል። ሲጠጋ ካሰብነው በላይ ይጎርሳል፤ ብዙ ሲጎርስ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር የበለጠ ያጎነብሳል። አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ወይ ምላጩ ይሰበራል፣ ወይ ዘንጉ ነክሶ ከሚያዞረው ቻክ ይፈናቀላል፣ ወይ ሞተሩ ቀጥ ይላል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ማሽኑ ሳይነሣ ነው። ዋናው ሰረገላ አልጋው ላይ ይቆለፍ። የላይኛው ተንሸራታች አያስፈልግም፤ እሱንም ማጥበቅ ነው። ወደ መሐል የሚገባው ተንሸራታች ጎኑ ላይ ያሉት ብሎኖች በእጅ ሲዞር ከበድ እስኪል ድረስ ይጥበቁ። ዘንጉ ከቻኩ እንዳይርቅ፤ ምላጩ የሚቆርጥበት ቦታ ለቻኩ ጥርሶች በቀረበ መጠን ይሻላል። ጥርሶቹን እስከ መንካት ግን አይደለም። ረጅም ዘንግ ከሆነ ሌላው ጫፉ ከቻኩ ፊት ለፊት ባለው ድጋፍ፣ በቴይልስቶክ ሾጣጣ ተደግፎ እንዲለይ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ሊያልቅ ሲል ሁለቱ ቁራጮች ምላጩን መሐላቸው ይጨብጡታል።

ምላጩ ራሱ ቀጭን መሆን አለበት፤ ስፋቱ ሲጨምር ግፊቱም ይጨምራልና ለትንሽ ማሽን ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቀጭን ምላጭ ደግሞ ረጅም ሆኖ ከወጣ ይታጠፋል። ከመያዣው የሚወጣው ቁመት ከዘንጉ ግማሽ ስፋት ትንሽ ብቻ ይብለጥ፤ ዘንጉ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ 11 ወይም 12 ሚሊ ሜትር። ቡሽ የሚሠራ ሰው ቀዳዳውን አስቀድሞ ቢበሳ ሥራው ይቀልለታል፤ 12 ሚሊ ሜትር የተበሳ ባለ 20 ዘንግ ላይ ምላጩ የሚያልፈው 4 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ብቻ ነው።

የምላጩ አፍ ከፍታ ከብረቱ መሐል ጋር ትክክል ይሁን። ከፍ ካለ አፉ ሳይቆርጥ ከአፉ በታች ያለው ግንባሩ ብረቱን ይፈትጋል። ዝቅ ካለ ደግሞ መሐሉ ላይ እምብርት ይተዋል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብም ብረቱ ምላጩ ላይ ሊወጣበት ይችላል። ምላጩ ለዘንጉ ቀጥ ያለ መሆኑም መታየት አለበት። ቀላሉ መንገድ የምላጩን ጎን ከቻኩ ፊት ጋር ማስጠጋት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ ቀጥ ብሏል። ያዘነበለ ምላጭ እየገባ ሲሄድ ጎኑ ግድግዳውን ይነካል፤ የተቆረጠውም ፊት ወይ ጎድጓዳ ወይ ጉብታ ይሆናል።

ቀጥሎ ፍጥነት። ለተራ ብረት በኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል) ምላጭ በደቂቃ 15 ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። የ20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ዙሪያው 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በደቂቃ ወደ 240 ዙር ይመጣል። ምላጩ ወደ መሐል ሲገባ ዙሪያው እያነሰ ስለሚሄድ ዙሩ ባይቀየርም የመቁረጫው ፍጥነት ይቀንሳል፤ መሐሉ ላይ ዜሮ ነው። የትንሽ ቶርኖ ሞተር በዝቅተኛ ዙር አቅሙ ስለሚደክም ማርሹን ዝቅተኛው ላይ ማድረግ ይረዳል።

እጅ ላይ ያለው ስሕተት ግን ብዙውን ጊዜ ፍርሃት ነው። ሰው ንክሻውን ስለሚፈራ መዘውሩን በስሱ ይገፋል፤ ምላጩ መቁረጡን ትቶ ይፈትጋል፤ ብረቱ ይሞቃል፤ ምላጩ ይደነዝዛል። የማይዝግ ብረት ከሆነ ደግሞ የተፈተገው ቆዳ ይጠነክራል። ከዚያ ምላጩ በድንገት ሲይዝ የተፈራው ይደርሳል። በአንድ ዙር 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል ሳያቋርጡ መግፋት ይሻላል፤ በ240 ዙር ይህ በደቂቃ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 20 ዘንግ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ያልቃል ማለት ነው። ከጮኸ ዙሩን መቀነስ እንጂ ግፊቱን ማሳሳት መፍትሔ አይሆንም። ለብረት የመቁረጫ ዘይት ሳይቋረጥ ይንጠባጠብ፤ ለአሉሚኒየም ጥቂት ላምባ ይበቃል፣ ከእሳት ተርቆ። ነሐስ በደረቁ ይቆረጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይታዘዝ ማሽን አለ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቶማስ፣ ለትናንሽ ቶርኖ ባለቤቶች የጻፈ ሰው፣ ምላጩን ከብረቱ ኋላ፣ ተገልብጦ እንዲቆም የሚያደርግ መያዣ በማስተዋወቅ ይታወቃል። በዚያ በኩል ብረቱ የሚዞረው ወደ ላይ ነው፤ ግፊቱም ምላጩን ወደ ላይ ይገፋዋል። መያዣው ወደ ላይ ቢታጠፍ ጫፉ ከብረቱ ይሸሻል እንጂ አይጠጋም፤ ንክሻው ከመባባሱ በፊት ራሱን ያስታግሣል። ፍቅፋቂውም በክብደቱ ወደ ታች ይወድቃል። መያዣውን ለመሥራት አንድ ድፍን ብረትና ትዕግሥት ይበቃል፤ ለትንሽ ቶርኖ ከሚሠሩ ተጨማሪ ዕቃዎች የመጀመሪያው ቢሆን እመርጣለሁ።

ቁራጩ ሲለቅ በእጅ መቀበል የለም። ቡሽ ከሆነ ቴይልስቶክ ላይ ቀጭን ዘንግ ታስሮ ቀዳዳው ውስጥ ይግባ፤ ቁራጩ ሲላቀቅ እሱ ላይ ይንጠለጠላል። መነጽር ይደረግ፤ ጓንት ግን ይውለቅ። ሻሽ፣ ረጅም እጅጌ፣ በሐርጌሳ ብዙ ወንድ የሚያገለድመው ሽርጥም ከሚዞር ቻክ አጠገብ ቦታ የላቸውም።

ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ድፍን ብረት 40 ኪሎ ማሽን ላይ ቆርጦ ለመለየት መታገል ግን ትርፉ የተሰበረ ምላጭ ነው። ዘንጉን ከቻኩ አውጥቶ በሞርሳ አስሮ፣ ከልኩ አንድ ሚሊ ሜትር ተርፎ በሴጌቶ ይቆረጥ፤ ከዚያ ቁራጩ ቻኩ ላይ ተመልሶ ፊቱ በተራ ቢላ ይላጥ።