የሁለት አገር ልጅ

የቴያትር ተጫዋች እሆናለሁ ያልሁ ዕለት አባቴ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ያደግሁት በገጠር አያቴ ቤትና በከተማ ትምህርት ቤት መካከል ነውና የሁለቱንም ቋንቋ እያወቅሁ መልስ አጣሁ። በኋላ ግን የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ታሪክ ደረሰልኝ።

እኒህ ሰው በልጅነታቸው በራስ መኰንን ቤት አድገው ዐድዋ ዘመቱ፤ ከ1888 ዓ.ም. ድል በኋላም ወደ ሩሲያ ተላኩ። እዚያ በአንድ መኰንን ቤት እንደ ልጅ ተይዘው፥ የመድፍ ትምህርት ተምረው፥ ጎልማሳ ሆነው ተመለሱ። በሩሲያ ቴያትር ማለት መኳንንቱ በክብር ወንበር ተቀምጠው የራሳቸውን ጉድ የሚያዩበት ቤት ነበር። በአገራችን ግን በጌቶች ፊት የሚጫወት ሰው ስሙ አንድ ነው፤ አባቴ ያሉኝ ነው።

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ፊታውራሪ የላፎንቴንን ተረቶች ተመርኩዘው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ጨዋታ ጻፉ። ሹሙን በስሙ ከመንቀፍ አውሬን ማናገር ይሻላል ብለው ይመስለኛል። ዳሩ ግን ቅኔ የለመደ ጆሮ ሰሙን ትቶ ወርቁን ያዘ! አውሬው ማን እንደ ሆነ ለማንም አልተሰወረም። ጨዋታው ታገደ፤ ቴያትርም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ እስኪጭኑ ድረስ ዝም አለ።

ይህን ለአባቴ ባጫወትኋቸው ጊዜ ብዙ ቈይተው «እንግዲህ ያገዱት ስለ ገባቸው ነዋ» አሉ። የእኔን ጨዋታ ግን መጥተው አላዩም።