ዱር ቤቴ ሊሉ የፈለጉት ሶሓባ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂድ ውስጥ ከሚቀሩ ወጣቶች አንድ ንግግር ደጋግሜ እሰማለሁ። «ሁሉንም ጥዬ፣ ስልኬንም ሰብሬ፣ ሰው የሌለበት ዱር ገብቼ አላህን ብቻ እየተገዛሁ ብኖር ምን አለበት?» ይላሉ። ይህን የሚሉት ደግሞ ለዲናቸው ግድ የሌላቸው ልጆች አይደሉም። ሥራ ፈልጎ ያጣ፣ ገበያው ውስጥ ሐራሙ የሰለቸው፣ በሰፈሩ ቁጥሩ አናሳ በመሆኑ በየቀኑ ራሱን ማስረዳት የደከመው ልጅ ነው እንዲህ የሚለው። ስለዚህ በሳቅ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም።

በእኛ አካባቢ ሐሳቡም እንግዳ አይደለም። ቢቸና ላይ «ዱር ቤቴ አለ» ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ጣልያንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም የተዋጋው በላይ ዘለቀ ነው። እሱ ግን ዱር የገባው ጦር ይዞ፣ ሰው አስከትሎ ነው። ብቻውን የሚኖረው ባሕታዊው ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ለቢቸና ቅርብ ነው፤ መርጡለ ማርያምም ከሞጣ ብዙ አትርቅም። የእኛም ልጅ ባሕታዊ ሲያልፍ እያየ ያድጋል። ዓላማዬ የጎረቤቶቻችንን እምነት መተቸት አይደለም። ጥያቄው የእኛ ዲን በዚህ ላይ ምን አለ የሚለው ነው። መልሱ ከዚሁ ከሐበሻ ምድር ጋር የተያያዘ ታሪክ ስላለው ደግሞ ይበልጥ ሊገርመን ይገባል።

ሰውየው ዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ) ናቸው። ከሦስተኛው ኸሊፋ ከዑስማን ኢብኑ ዐፋን ጋር አታምታቷቸው። ቀድመው ከሰለሙት አንዱ ናቸው፤ ገና በጃሂሊያ ዘመን እንኳ መጠጥ ለራሳቸው እርም ያሉ ሰው ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ615፣ ጥቂት ሙስሊሞች ባሕር ተሻግረው ወደ ነጃሺ አገር ሲመጡ እሳቸውም አብረው ነበሩ። በታወቀው ዘገባ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ናቸው። የዚህ ጉዞ መሪ እሳቸው እንደነበሩ የጻፉ የሲራ ሊቃውንት አሉ።

ሐበሻ ላይ ሰላም አገኙ። ከወራት በኋላ ግን «ቁረይሾች ሰለሙ» የሚል ወሬ ደረሰና ተመለሱ። ወሬው ሐሰት ነበር። መካ ለመግባት የአንድ ባለሥልጣን ከለላ ያስፈልግ ስለነበር ዑስማን በወሊድ ኢብኑል ሙጊራ ጥበቃ ሥር ገቡ። ማንም አይነካቸውም። ወንድሞቻቸው ሲደበደቡ እሳቸው ግን በሰላም ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ይህን አልቻሉትም። ወሊድ ዘንድ ሄደው ጥበቃውን በሕዝብ ፊት መለሱለት። ብዙም ሳይቆይ ገጣሚው ለቢድ ባለበት ስብሰባ ላይ በተነሣ ክርክር አንድ ሰው ዓይናቸውን መታቸው። ወሊድ እያየ «ጥበቃዬ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ዓይንህ ይተርፍ ነበር» ሲላቸው፣ ጤነኛዋም ዓይናቸው የእህቷ ዕጣ እንደሚያስፈልጋት መለሱለት።

እንዲህ ያለው ሰው ናቸው እንግዲህ መዲና ከገቡ በኋላ ከዓለም ሙሉ በሙሉ መገለል የፈለጉት። ቀን ይጾማሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማሉ፤ ቤታቸውን ረሱት። ባለቤታቸው ኸውላ ቢንት ሐኪም ራሷን ጥላ፣ ተጎሳቁላ እናታችን ዓኢሻ ዘንድ መጣች። ዓኢሻ ሁኔታዋን ስትጠይቅ የባሏን ነገር አወጣች። ነገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጆሮ ሲደርስ ዑስማንን አግኝተው ምንኩስና በእኛ ላይ እንዳልተደነገገ፣ እሳቸው ራሳቸው ምሳሌ ሊሆኗቸው እንደሚገባ ነገሯቸው። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስም ነቢዩ ለዑስማን ከትዳር መገለልን እንደከለከሏቸው፣ ፈቅደውላቸው ቢሆን ኖሮ ሌሎቹም ብዙ ርቀት ይሄዱ እንደነበር ተናግረዋል፤ ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እኔን የሚገርመኝ የባለቤታቸው ድርሻ ነው። የአንድ ሰው ብቸኝነት ከጀርባው ሌላ ሰው እንደሚጎዳ መጀመሪያ ያሳየችው ሴት ናት። «ዱር ልግባ» የሚለው ልጃችንም እናት አለችው፤ ትዳር የያዘውም ሚስት አለችው።

ሌላም ሶሓባ አለ። ቲርሚዚ እንደዘገበው፣ በአንድ የተራራ ሸለቆ ሲያልፍ ጣፋጭ ውኃ ያላት ትንሽ ምንጭ አየ። ቦታዋ ማረከችው። ከሰው ተለይቶ እዚያ ቢኖር ብሎ ተመኘ፤ ግን ሳያስፈቅድ አላደረገውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልፈቀዱለትም፤ በአላህ መንገድ ላይ መቆም በቤት ለ70 ዓመት ከመስገድ እንደሚበልጥ አሳወቁት። ከጮቄ ግርጌ እስከ አባይ በረሃ አፋፍ ያለውን ምድር የሚያውቅ የዚያን ሶሓባ ልብ ይረዳል። እኛም ጋ እንዲህ ያለ ምንጭ ሞልቷል።

«ታዲያ የዋሻው ሰዎችስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በየጁምዓው የምናነባት ሱረቱል ካህፍ ወጣቶች እንደነበሩ በ13ኛው አንቀጽ ትነግረናለች። ግን ልብ በሉ። የሸሹት ሕዝባቸው በግድ ወደ ሽርክ ሊመልሳቸው ስለነበር ነው እንጂ ኑሮ ስለሰለቻቸው አይደለም። ብቻቸውንም አልነበሩም፤ ውሻ እንኳ ተከትሏቸዋል። ከረጅሙ እንቅልፍ ሲነቁ ደግሞ መጀመሪያ ያደረጉት አንዱን ብር አስይዘው ንጹሕ ምግብ እንዲገዛ ወደ ከተማ መላክ ነው።

የሒራው ዋሻም እንዲሁ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንቅ ይዘው እየወጡ ለቀናት ይቆያሉ፣ ስንቁ ሲያልቅ ወደ ኸዲጃ ይመለሳሉ። ወሕዩ ከወረደ በኋላ መገለል የፈለገ የተሰጠው ኢዕቲካፍ ነው፤ እሱም የሚደረገው ሰው በሚሰገድበት መስጂድ ውስጥ ነው። ኢማሙል ገዛሊ በ488 ዓመተ ሒጅራ የባግዳድን ወንበር ጥለው ወጡ፤ በ499 ግን ነይሳቡር ላይ ለማስተማር ተመልሰዋል።

ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ሌላ ወገን ያለው ሐዲስም አለ። ፊትና ሲበዛ የሙስሊም መልካሙ ሀብት በጎቹን ይዞ ዲኑን ለማዳን ወደ ተራራ አናት መሸሹ የሚሆንበት ዘመን እንደሚመጣ ቡኻሪ ዘግበዋል። ዑለሞች ይህን ዲን ላይ አደጋ ለሚመጣበት ጊዜ አድርገው ያስረዱታል። በሌላ በኩል ከሰው ተቀላቅሎ በደላቸውን የሚታገሥ ሙእሚን ከማይቀላቀለው እንደሚበልጥ የሚናገር ሐዲስ አለ። አቡ ዳውድ የዘገቡት ደግሞ ተኩላ የሚበላው ከመንጋው የተነጠለችውን በግ መሆኑን ያስታውሳል። በግ ጠብቆ ላደገ ልጅ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በአገራችን ዲን ላይ አደጋ የመጣበት ዘመን ነበር። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ። ግዳጁ ከወሎ አልፎ ጎጃምም ደረሰ። ብዙዎች ወደ መተማና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተሰደዱ። በወሎ ሸይኽ ጦልሐ ኢብኑ ጀዕፈር ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ሰው ይዘው ወጡ፤ አዋጁን ተቃወሙ፤ ቆይቶም በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ ግጥም ጽፈው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው ዲኑን አስተማሩ። የወሎ ሐሪማዎችም ቢሆኑ ብዙዎቹ የተመሠረቱት ከከተማ ርቀው ነው። አንድ ሸይኽ ለኸልዋ ከሰው ርቆ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ደረሳ ይከበዋል፣ ኪታብ ይቀራል፣ እንግዳ ይበላል። ጀማ ንጉሥን የመሠረቱት ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ ዛሬ የሚታወሱት እዚያ በሚሰበሰበው ሕዝብ ነው።

ቅርቡንም እናንሣ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም፣ ዕለቱ ጁምዓ ነበር፤ ሞጣ ላይ መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆችም ወደሙ። ያን ቀን «ከዚህ ከተማ ምን አለኝ?» ማለት ቀላል ነበር። የሞጣ ሙስሊም ግን ከተማውን ትቶ አልጠፋም። ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ተዋጣለት፤ ድርጊቱን ካወገዙት መካከል ክርስቲያኖችም ነበሩ።

ዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ) ከበድር በኋላ አረፉ፤ መዲና ላይ ከሞቱት ሙሃጂሮች የመጀመሪያው ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስከሬናቸውን ስመው አለቀሱ። በቂዕ ከተቀበሩ በኋላም ከባድ ድንጋይ በእጃቸው ተሸክመው ራስጌያቸው ላይ አኖሩ፤ ከቤተሰባቸው የሚሞተውን ከእሳቸው ጎን ለመቅበር እንደሚፈልጉም ተናገሩ።

ወላሁ አዕለም።