ፓስተር ላይ ወራጅ አለ

ጉለሌ ያደገ ሰው «ፓስተር ላይ ወራጅ አለ» ሲል የስሙን ባለቤት አያስብም። እኔ ራሴ ልጅ እያለሁ በሰፈሩ አንድ ዝነኛ ሰባኪ ይኖር ነበር ብዬ አምን ነበር። ሰውየው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ከተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ ከዚያ ወዲህ ስሙ ተቀያይሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሥነ ምግብ ኢንስቲትዩትና ከባህል መድኃኒት ክፍል ጋር ተዋሕዷል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ለሰፈሩ ሰው ግን ያው ፓስተር ነው፤ ውሻ የነከሰውን ልጅ ይዘው የሚሮጡበት። ክትባቱም ለረጅም ዘመን እዚያው ከበግ አንጎል ይዘጋጅ ነበር።

ስለ ሉዊ ፓስተር ብዙም የማይነገር ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1878 የቤተ ሙከራ ደብተሮቹን ለማንም እንዳያሳዩ ለቤተሰቡ አደራ አለ። ቤተሰቡም አደራውን ጠበቀ። ከ100 በላይ ደብተሮች ተቆልፈው ኖረው የልጅ ልጁ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሰጣቸው በ1964 ነው። ጄራልድ ጌይሰን የተባለ የታሪክ ምሁር ደብተሮቹን አገላብጦ በ1995 መጽሐፍ አወጣ። እንደ ጌይሰን አባባል፣ ፓስተር በሐምሌ 1885 የዘጠኝ ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን ሲያክም በዚያው ዘዴ በውሾች ላይ ያደረገው ሙከራ ለዓለም የተናገረውን ያህል አልነበረም። ልጁ ድኗል፤ ክትባቱም ሠርቷል። ግን ማስረጃው መቶ ዓመት ያህል ተደብቆ ነበር። የኖቤል ተሸላሚው ማክስ ፔሩትዝ ፓስተርን ደግፎ ጌይሰንን ሞገተ። ማን ልክ ነው? ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ደብተሩ ባይከፈት ኖሮ ክርክሩም አይኖርም ነበር።

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። የምህንድስና መመረቂያ ፕሮጀክቴ የወባ ወረርሽኝን የሚተነብይ ፕሮግራም ነበር። ሳምንታዊ የሕሙማን ቁጥር ፈልጌ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። «ደብዳቤ አጽፈህ ና» አሉኝ። አጻፍኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ከሁለት ወር በኋላ የተሰጠኝ ማኅተም ያረፈበት፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሠንጠረዥ ነው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በእጄ ኮምፒውተር ላይ አስገባሁ። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እዚሁ አገር የሠሩትን ጥናት ኢንተርኔት ላይ አገኘሁና ልከፍተው ስል ከ30 ዶላር በላይ ጠየቀኝ። ተውኩት።

ክፍት መረጃ ምን እንደሚያደርግ በደንብ ያየነው በኮሮና ጊዜ ነው። የቻይና ተመራማሪዎች የቫይረሱን የዘረመል ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ለዓለም በነፃ ለቀቁት። በቀናት ውስጥ የበርሊን ቤተ ሙከራ የመመርመሪያ ዘዴ ሠርቶ አሰራጨ። መጀመሪያ ላይ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ስንልክ ነበር፤ በየካቲት ግን ምርመራው እዚሁ ፓስተር ተጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ሲገለጽ የራሳችን ቤተ ሙከራ ዝግጁ ነበር። ቅደም ተከተሉ በክፍያ ወይም በደብዳቤ ቢሆን ኖሮስ?

«ታዲያ ሁሉን እንክፈተው» ለማለት ግን አልቸኩልም። የጤፍን ነገር አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የደች ኩባንያ ከብዝኃ ሕይወት ተቋማችን ጋር ጥቅሙን ለመጋራት ተዋውሎ የጤፍ ዘር ወሰደ። ከዚያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት በስሙ አወጣ፤ በ2009 ደግሞ ከሠረ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን የሰረዘው በ2018 መጨረሻ ነው። ስለዚህ «ስንከፍት ይወስዱብናል» የሚሉ ሰዎች ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሆኖም ልብ በሉ፤ እዚያ ላይ የጎዳን ዕውቀቱ ክፍት መሆኑ ሳይሆን ሌላው መጥቶ መዝጋቱ ነው። እንዲያውም ሕዝብ የሚያውቀው ነገር በደንብ ተጽፎ ለሁሉም በይፋ ሲቀመጥ «እኔ ፈለሰፍኩት» ለሚል ሰው ያስቸግረዋል።

በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አወጣ። በሕዝብ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ጽሑፎች፣ የመመረቂያ ጥናቶችና መረጃዎች ክፍት በሆነ ማከማቻ እንዲቀመጡ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ማከማቻው የት ነው? የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በዚያው ዓመት ፓስተር ያለው ተቋም ከአጋሮቹ ጋር የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አካሂዶ ነበር። መረጃው በነፃ ይገኝ የነበረው በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ይሠራ ከነበረ ድረ ገጽ ነው። እኔም ተመዝግቤ ወስጄዋለሁ። ከቤቴ አንድ ታክሲ ርቀት ላይ ያለ ተቋም የሰበሰበውን መረጃ ውቅያኖስ ማዶ ካለ ሰርቨር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቋርጥ ፕሮግራሙ ቆመ፤ ለአዲስ ተመዝጋቢዎች መረጃ መስጠትም ተቋረጠ። በኋላ ሌላ ገንዘብ ተገኝቶ ቀጠለ እንጂ፣ ያን ሰሞን ፋይሉን ቀድሞ ያላወረደ የኢትዮጵያ ተማሪ ስለ ኢትዮጵያ ሕፃናት የተሰበሰበውን መረጃ ማግኘት አይችልም ነበር።

እንደ ሶፍትዌር ሠሪ አንድ ነገር እርግጠኛ ነኝ፦ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ፋይል እንዳለ አይቆጠርም። የፓስተር ደብተር በቤተሰብ አደራ ተቆልፎ ነበር፤ የእኛ ደግሞ በሰው በጎ ፈቃድ ክፍት ነው። ሁለቱም ላይ ቁልፉ በሌላ እጅ ነው። የስም መሸሸጊያ ተደርጎለት፣ ሥርዓቱን ጠብቆ፣ የዚያ መረጃ አንድ ቅጂ እዚሁ ጉለሌ ቢቀመጥና ማንም ተማሪ ያለ ደብዳቤ ቢያነበው ብዙ ወጪ የለውም። ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ፤ ወራጅ ነኝ።