የተሰወረው ግሥ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ታሪክ

«ሺ ኢዝ ቶለር ዛን ሚ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ይታረማል፤ ትክክለኛው «ዛን አይ» ነው ይባላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ከ«አይ» በኋላ «አም» የሚል ግሥ ተሰውሯል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የማይታይ ግሥ ከወዴት እንደ መጣ በአጭሩ መመርመር ነው።

ሐሳቡ በላቲን ትምህርት ውስጥ የቆየ ነው። የሳላማንካው መምህር ፍራንሲስኮ ሳንቼዝ በ1587 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሚኔርቫ» በተባለ መጽሐፍ፣ ጐደሎ የሚመስለውን ዐረፍተ ነገር የቀረውን ቃል በመመለስ ይተረጕም ነበር።

ይህን መንገድ በእንግሊዝኛው ንጽጽር ላይ አጥብቆ የሠራበት፣ በኋላ የሎንዶን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ ነው። በ1762 ባወጣው ሰዋስው፣ «ዛን» መስተጻምር ስለ ሆነ ተከታዩን ስም አይገዛም፤ የሚገዛው የተገለጠው ወይም የተሰወረው ግሥ ወይም መስተዋድድ ነው አለ። ደንቡ ጥቅም የለውም አይባልም። «ሺ ላይክስ ሂም ሞር ዛን አይ» ሲባል «እኔ ከምወደው ይበልጥ እርሷ ትወደዋለች» ማለት ሲሆን፣ «ዛን ሚ» ሲባል ግን «ከእኔ ይልቅ እርሱን ትወዳለች» ማለት ይሆናል።

ነገር ግን ላውዝ ራሱ እንቅፋት ገጠመው። «ዛን ሁም» የሚለው አነጋገር በታላላቅ ደራሲዎች ዘንድ የጸና ስለ ነበረ ከደንቡ ውጭ አድርጎ ተወው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1768 በታተመው ሁለተኛ እትሙ ይህንኑ ይዞ፣ «ዛን» የመስተዋድድ ኀይል አለው ሲል ተከራከረ። በትምህርት ቤት ያሸነፈው ግን የላውዝ ደንብ ነው፤ ሊንድሊ መሪ በ1795 ባሳተመው እጅግ በተሰራጨ መጽሐፍ ደግሞታልና።

በ20ኛው መቶ ዓመት ዴንማርካዊው ኦቶ የስፐርሰን፣ ቀረ የሚባለውን ቃል በየስፍራው መጨመር እንደማይገባ አስጠነቀቀ። ሆኖም የግሥ መቅረት ሁሉ ፈጠራ አይደለም። ጆን ሮስ በ1970 እንዳሳየው፣ ግሡ የሚቀርበት ስፍራ ከቋንቋው የቃላት አሰካክ ጋር ይያያዛል። እንግሊዝኛ በፊተኛው ሐረግ ተናግሮ ከኋለኛው ያስቀራል፤ አማርኛ ግን «ካሳ ዳቦ፣ አበበ እንጀራ በላ» ሲል ከፊተኛው አስቀርቶ በመጨረሻ ይናገራል።

እንግዲህ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። በካሳና በአበበ ምሳሌ ግሡ በዚያው ዐረፍተ ነገር ስለሚገኝ አድማጭ ሁሉ ይመልሰዋል። በ«ዛን ሚ» ላይ ግን ግሡን የጨመረው ሰዋስው ጸሐፊው ነው። ስለዚህ «ዛን አይ»ን የጽሕፈት ሥርዓት ነው ብሎ ማስተማር ተገቢ ሲሆን፣ «ዛን ሚ» ያለውን ተማሪ ማሰብ እንደማይችል መቍጠርን ግን ታሪኩ አይደግፈውም።