ኩላሊት ከመውጣቱ በፊት

በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ከአጅባር ብዙ በማይርቀው በመቅደላ አምባ ከእስር ከተፈቱት አውሮፓውያን መካከል ሄንሪ ብላንክ የተባለ ሐኪም ይገኝ ነበር። ብላንክ የዘመኑን ቀዶ ጥገና የተማረ ሰው ቢሆንም፣ እስከዚያች ዕለት ድረስ በዓለም ላይ አንድን ኩላሊት አስቦና አቅዶ በማውጣት ሕመምተኛን ያዳነ ሐኪም አልነበረም። ይህ የሆነው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ ወር 1861 ዓ.ም.፣ በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ ነው። ጉስታቭ ሲሞን አስቀድሞ በውሾች ላይ ከሞከረ በኋላ የአንዲት ሴት ኩላሊት አወጣ፤ ሴትዮዋም በቀረው ኩላሊቷ ኖረች። የእርሷ ሕመም የሽንት ቱቦ ጉዳት እንጂ ዕጢ አልነበረም።

ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር መቻሉ ከተረጋገጠ ወዲህ የቢላዋው ድፍረት ጨመረ። ዕጢው ነቀርሳ ይሁን አይሁን ግን የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነበር።

ችግሩን በከፊል ያቃለለው መሐንዲስ ነው። በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎድፍሬ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ለንደን ላይ መረመረ። በዚህ መሣሪያ ልኬት ውኃ ዜሮ ሲሆን ስብ ከዜሮ በታች ይውላል፤ ስለዚህ በውስጡ ስብ የታየበት የኩላሊት ዕጢ ብዙውን ጊዜ ነቀርሳ እንዳልሆነ ይታወቃል። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ሞርተን ቦስኒያክ የተባሉት የኒውዮርክ ሐኪም ውኃ የቋጠሩትን እብጠቶች እንደ አስጊነታቸው በአራት ደረጃ ከፈሉ። ይሁን እንጂ ስብ ያነሰው ዕጢና ኦንኮሳይቶማ የሚባለው ገር ዕጢ ነቀርሳን መስለው ዓይንን ያታልላሉ። በምዕራባውያን ሆስፒታሎች በቀዶ ጥገና ከሚወጡት ትንንሽ የኩላሊት ዕጢዎች ከአምስት አንዱ ያህል ነቀርሳ ሆኖ አይገኝም።

ማሽን ለርኒንግ የተጠራው ለዚህ ነው። ኮምፒዩተሩ ሕግ አይነገረውም፤ ብዙ ምስል ከነመልሱ ይሰጠውና ዓይን የማይለየውን የጥላ አሰዳደር ራሱ ያጠናል። በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የ300 ሕሙማንን ምስል አሰናድቶ፣ 210ሩን ለመማሪያ 90ውን ለመፈተኛ መደበ። ያኔ የተጠየቀው የኩላሊቱንና የዕጢውን ወሰን ማስመር ብቻ ነበር፤ ገሩን ከክፉው መለየት ከዚያ የሚከብድ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ እነዚያ ሕሙማን ሁሉ ነቀርሳ ነው ተብሎ በቢላዋ የታከሙ ናቸው። ሐኪሙ ትቶ የሚከታተለውን ዕጢ ኮምፒዩተሩ አላየውም፤ የወሎ ደጋ ሰው ኩላሊትማ ከቶ ከየት ይታየዋል! መሣሪያው ሲለወጥም የምስሉ ጥላ ስለሚለወጥ፣ በአንድ ሆስፒታል የሠለጠነው በሌላው ሊስት ይችላል።

ከአጅባር ወይም ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ደሴ፣ ብሎም ወደ አዲስ አበባ ለሚወርድ ገበሬ ስሕተቱ ቀላል አይደለም። የቀረው ኩላሊት ቢደክም ዳያሊስስ የሚገኘው በከተማ ነው፤ የኩላሊት ንቅለ ተከላም በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። የእርሱ ምስል በአንድ በኩል፣ ከዕጢው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የታየው ናሙና ውጤት በሌላ በኩል ተለያይተው ከቀሩ፣ ኮምፒዩተሩ ከእርሱ የሚማረው ነገር አይኖርም።