ለደጃፍ የቀረበው ድምፅ፦ የመርካቶ ሴቶችና የአካባቢ ምርጫ ታሪክ

የኢትዮጵያ የምርጫ ታሪክ ሲጻፍ ትኩረቱ ዘወትር በሀገር አቀፉ ምክር ቤት ላይ ስለሚያርፍ፣ አካባቢያዊ ምርጫ፣ ማለትም የቀበሌ፣ የወረዳ፣ የክፍለ ከተማና የከተማ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡበት ድምፅ አሰጣጥ፣ በጥቂት መስመሮች ታልፎ ይቀራል። ይሁንና በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ዙሪያ ለምትኖር ሴት የዕለት ኑሮዋን የሚነካው አብዛኛው ጉዳይ የሚቋጨው በፓርላማ ሳይሆን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። የነዋሪነት መታወቂያ የሚወጣው፣ የቀበሌ ቤት ውል የሚታደሰው፣ የጋራ መጸዳጃ ቤቱ የሚጠገነው ወይም ሳይጠገን የሚከርመው በዚያ ነው። ማዳበሪያ አንጥፋ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ እየከፈለች የምትቸረችር የጉሊት ነጋዴ መንግሥትን የምታውቀው በደንብ አስከባሪው በኩል ሲሆን፣ ሸቀጧ በተወረሰባት ቀን አቤት የምትለውም ለወረዳው ነው። ስለዚህ ያንን ወረዳ የሚቆጣጠረውን ምክር ቤት ማን እንደሚመርጠውና በውስጡ ማን እንደሚቀመጥ መጠየቅ ከሀገር አቀፉ ጥያቄ ያነሰ አይደለም።

የመርካቶ አመሠራረት ራሱ ነዋሪው ያልተጠየቀበት ውሳኔ ውጤት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል በወጣው ፕላን መሠረት፣ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ታላቁ ገበያ ለነጮች መሀል ከተማ ቦታ እንዲለቅ ተደርጎ ኢትዮጵያውያን ወደ ምዕራብ ተገፉ፤ ገበያውና አዲስ ከተማ የተባለው ሰፈርም በዚያ ተተከሉ። ከነጻነት በኋላ ገበያው በኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እጅ ቢስፋፋም የከተማው አስተዳደር በሩን ለሁሉም አልከፈተም። በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ከነዋሪው ወገን ለሚመረጡት የምክር ቤት አባላት መነሻ ያደረገው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን ነበር፤ በጭቃ ቤት ተከራይታ ጠላ የምትጠምቅ ወይም በርበሬ የምትቀነጥስ ሴት በዚህ መለኪያ ከከተማው ጉዳይ ውጭ ነበረች።

ሀገር አቀፉ መድረክ በሕግ ደረጃ ቀድሞ ተከፈተ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ቢያቋቁምም አባላቱን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ፤ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ የሕዝብ እንደራሴዎችን እንዲመርጥ ፈቀደ። በዚህ መሠረት በመስከረም 1950 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የነበሩት፣ በወረራው ዘመን ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘው የታሰሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። ወይዘሮ ስንዱ በወጣትነታቸው የተማሩባት ስዊዘርላንድ ለራሷ ሴቶች በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት የሰጠችው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1971 ማለትም እርሳቸው ከተመረጡ ከ13 ዓመታት በኋላ መሆኑ፣ የሴቶች የፖለቲካ መብት ከአውሮፓ የመጣ ስጦታ ነው ለሚሉ ወገኖች በቂ መልስ ነው። ሆኖም ያው ሕገ መንግሥት ተወዳዳሪው በሚወዳደርበት አካባቢ ንብረት እንዲኖረው ግድ ስላለ፣ የፖለቲካ ድርጅትም ስላልተፈቀደ፣ ለአንዲት የተማረችና ስመ ጥር ሴት የተከፈተው በር ለቸርቻሪዋ ከመራጭነት በላይ አላስገባም።

ይህን የንብረት ድንበር ያፈረሰው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ የሚታወሰው በቤቶቹ መወረስ ቢሆንም፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም በተለምዶ ቀበሌ የተባሉትን አደረጃጀቶች በማቋቋሙ የአካባቢ ምርጫን መሠረት ለውጧል። ንብረት ሳይሆን ነዋሪነት መለኪያ በመሆኑ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑ የተወረሱ ቤቶችም በቀበሌ እንዲተዳደሩ በመደረጉ፣ ደሳሳ ቤቶች ተጠጋግተው በቆሙባት መርካቶ በየቤቱ የምትኖረው ሴት ከቀበሌው ጋር በቤቷ በኩል ጭምር ተሳሰረች። የጣራዋን ማፍሰስ የምታመለክተው፣ የኪራይ ደረሰኝ የምትቀበለው፣ በስብሰባ እጇን አውጥታ የምትመርጠው ለአንድ ተቋም ነበር። በከተማይቱ ታሪክ ለድኻዋ ሴት ይህን ያህል የቀረበ ምርጫ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ዕድሉ ግን ወዲያው ተበላሸ። ቀበሌዎች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የአፈሳ፣ የእስርና የግድያ መሣሪያ ስለሆኑ፣ እናቶች ልጆቻቸውን የሚፈልጉት እነርሱው በመረጡት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሆነ። ከዚያም በኋላ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሴቶችን እስከ ቀበሌ ድረስ ቢያደራጅም አጀንዳው ከላይ የሚወርድ ነበር። ድምፅ መስጠት ከፍርሃት ጋር የተቆራኘበት ያ ዘመን ያሳደረው ጥርጣሬ ዛሬም በብዙ ቤተሰብ ውስጥ እንዳለ ሳያስቡ የከተማዋን መራጭ ግድየለሽ ነው ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ያለፈውን አድልዎ ለማካካስ ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ በቂ ሥልጣን እንዲሰጣቸው አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሴቶች ቁጥር በፍጥነት አድጓል፤ ከ547 መቀመጫዎች በ1992 ዓ.ም. 42፣ በ2002 ዓ.ም. 152፣ በ2007 ዓ.ም. 212 በሴቶች ተያዙ። ነገር ግን የሴቶቹ ቁጥር 212 በደረሰበት ምክር ቤት ሁሉም መቀመጫዎች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ የተያዙ ነበሩ። የሴቶች ውክልና ሲሰፋ የመራጩ አማራጭ መጥበቡ ውክልናውን ዋጋ ቢስ ባያደርገውም፣ የተመረጠችዋ ሴት ተጠሪነቷ ለመራጩ ሳይሆን በዕጩነት ላቀረባት ድርጅት እንዲሆን አድርጓል።

በአዲስ አበባ የአካባቢ ምርጫ ጉዞ ከዚህም የተንገላታ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ለከተማው ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ቢያሸንፍም፣ ከምርጫው በኋላ በተነሣው ውዝግብ ተመራጮቹ ሥልጣን ሳይረከቡ ቀሩና ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ሥር ዋለች። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሲካሄድ በመላ ሀገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ መቀመጫዎች ቀርበው ገዢው ግንባር ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ወሰደ፤ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ደግሞ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከውድድሩ ራሳቸውን አግልለው የአዲስ አበባ 138 መቀመጫዎች በሙሉ በአንድ ግንባር ተያዙ።

የሴቶች በአካባቢ ምክር ቤት መገኘት ተጨባጭ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ የጠራው ማስረጃ የተገኘው ከህንድ ነው። ህንድ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1993 በሥራ ላይ ባዋለችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመንደር ምክር ቤቶች መቀመጫና የመሪነት ቦታ ሲሶው ለሴቶች እንዲጠበቅ አደረገች፤ ሴት የሚመራቸው መንደሮችም በየዙሩ በዕጣ መሰል አሠራር ስለሚለዩ፣ ተመራማሪዎቹ ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና ኤስተር ዱፍሎ ሴቶች የሚመሯቸውን መንደሮች ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር ቻሉ። ውጤቱም ሴት መሪዎች በመንደሩ ሴቶች ዘንድ ቀዳሚ ጥያቄ ለነበረው ለመጠጥ ውኃ የበለጠ ገንዘብ መመደባቸውን አሳየ። የቦኖ ውኃ የቀዳ፣ የጋራ መጸዳጃ ቤት ወረፋ የጠበቀ፣ ሕፃን አዝሎ ጉሊት የዋለ ሰው በጀት በሚመደብበት ጉባኤ ውስጥ ሲቀመጥ ጥያቄው ያለ አስተርጓሚ ይቀርባል፤ መርካቶም ከዚህ የተለየች አይደለችም።

መርካቶን በተለይ የሚመለከት አንድ ሌላ እንቅፋት ግን በቁጥር ኮታ አይፈታም። የምርጫ ሕጉ አንድ ሰው እንዲመዘገብ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ በራሱ ተገቢ ቢሆንም፣ በምን አለሽ ተራና በሸማ ተራ የሚውሉ ብዙ ነጋዴዎች የሚያድሩት በሌላ ክፍለ ከተማ በመሆኑ፣ ድምፃቸው የሚቆጠረው በሚያድሩበት እንጂ ቀኑን ሙሉ በሚሠሩበት አይደለም። የገበያውን ቦታ የሚደለድለው ምክር ቤት በእነርሱ ድምፅ አይቆምም፣ በእነርሱም ድምፅ አይወርድም። በአዲስ ከተማ የሚያድሩትም ቢሆኑ ተከራይተው ወይም በጥገኝነት ሲኖሩ መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራሉ፤ ይህም ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ከክፍለ ሀገር የመጡ የቤት ሠራተኞችንና ቸርቻሪ ወጣት ሴቶችን ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በላይኛው እርከን የታየው ለውጥ ታላቅ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር ሆኑ፣ የሚኒስትሮች ካቢኔም ግማሹ በሴቶች ተያዘ፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ የቀድሞዋ የቅንጅት አመራር ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ወይዘሮ አዳነች አቤቤ የአዲስ አበባ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ግን አዲስ አበቤዎች ድምፅ የሰጡት ለሕዝብ ተወካዮችና ለከተማው ምክር ቤት ብቻ ነበር፤ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ አብሮ አልተካሄደም። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. 17 ዓመቷ የነበረች የአዲስ ከተማ ልጅ በ2013 ዓ.ም. 25 ዓመት ሞልቷት፣ መታወቂያዋን በሚሰጣትና የቤቷን ውል በሚያድስላት ወረዳ ላይ አንድም ጊዜ ድምፅ አልሰጠችም ነበር።